«ወደ ሐረር ጉዞ»፦ የኃይሉ መርጊያ መሣሪያዎችና የአንድ ካሴት ታሪክ

(በሐረር ከተማ ለሕዝብ ከቀረበ ትምህርታዊ ንግግር የድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ)



ዛሬ የምንነጋገርበት ሥራ ስሙን ከዚህች ከተማ የወሰደ፣ ነገር ግን በዚህች ከተማ ያልተቀዳ የሙዚቃ ካሴት ነው። ርዕሱ «ወደ ሐረር ጉዞ» ይባላል። ያዘጋጁት የኪቦርድና የአኮርዲዮን ተጫዋቹ አርቲስት ኃይሉ መርጊያ ሲሆኑ አብሯቸው የተጫወተው ዳህላክ ባንድ ነው። የተቀዳው አዲስ አበባ፣ ግዮን ሆቴል በሚገኘው ክበብ፣ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በእኛ አቆጣጠር 1970 ዓ.ም. አካባቢ ማለት ነው። በዚያ ዘመን ሐረር ምን ላይ እንደነበረች በዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁ አረጋውያን ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ወጣቶቹ ደግሞ ከወላጆቻችሁ ሰምታችኋል። ስለዚህ ጥያቄው ከመጀመሪያው ከባድ ነው፦ ግጥም የሌለው ሙዚቃ፣ በዚያ ዓመት፣ «ወደ ሐረር ጉዞ» ተብሎ ሲሰየም ምን ይላል? ወይስ ምንም አይልም?

ወደዚህ ጥያቄ ከመድረሳችን በፊት ግን ሰውየውንና መሣሪያዎቻቸውን ማወቅ ይገባናል። በሙዚቃ ላይ የሚሰጡ ብዙ ንግግሮች ስለ ዘመኑ ብዙ ተናግረው ስለ ሙዚቃው ጥቂት ብቻ ብለው ያልቃሉ። እኔ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ እመርጣለሁ።

ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1946 በሸዋ ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ። አኮርዲዮን መጫወት የጀመሩት በአፍላ ዕድሜያቸው፣ ያለ መምህር ነው። ገና ወጣት ሳሉም ወደ ጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ገቡ። ይህ መንገድ በዚያ ትውልድ የተለመደ ነው። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የምድር ጦር የሙዚቃ ክፍሎች ለዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ የትምህርት ቤት ያህል አገልግለዋል። ኖታ ማንበብ፣ በኅብረት መጫወት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለሥራ በሰዓቱ መድረስ የተማረው ብዙው ባለሙያ እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ የምሽት ክበቦች ዘመን መጣ፤ ኃይሉም በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል በሚጫወተው ዋልያስ ባንድ ውስጥ ዋነኛ ሰው ሆኑ። ዋልያስ በክበብ ባለቤት ሥር የማይተዳደር፣ የራሱ መሣሪያ ያለው ባንድ ነበር። ይህ በጊዜው ቀላል ነገር አልነበረም፤ መሣሪያው የማን ነው የሚለው ጥያቄ ሙዚቃው የማን ነው የሚለውንም ይወስን ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1977 ባንዱ «ቼ በለው» የተሰኘውን ሸክላ አወጣ። በዚህ ሸክላ ላይ ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን ተሳትፈዋል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው «ሙዚቃዊ ስልት» ከዚሁ ሸክላ የተገኘ ነው።

ከዚያ በዓመቱ ኃይሉ ከራሳቸው ባንድ ወጣ ብለው፣ በግዮን ሆቴል ከሚጫወተው ከዳህላክ ባንድ ጋር ሠሩ። ዳህላክ በኋላ ከሙሉቀን መለሰ ጋር በሠራው ሥራ የበለጠ ይታወቃል። ሁለቱ ሆቴሎች በአንድ ከተማ ቢሆኑም ታዳሚያቸው አንድ አልነበረም። ሂልተን የውጭ እንግዳውንና ባለ ገንዘቡን የሚሰበስብ ቤት ሲሆን ግዮን የከተማው ወጣት ይበዛበት ነበር። አንድ ሙዚቀኛ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚለወጠው የሥራ ባልደረባው ብቻ አይደለም፤ የሚያዳምጠው ሰው ሁኔታም ይለወጣል። እየበላ የሚያዳምጥ ሰውና እየጨፈረ የሚያዳምጥ ሰው ከባስ ጊታሩ የሚፈልጉት ነገር የተለያየ ነው።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ እንምጣ። ኃይሉን «ብዙ መሣሪያ ተጫዋች» ስንል አንዳንዶቻችሁ «ሁሉም ያው ኪቦርድ አይደለም እንዴ?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። አኮርዲዮን፣ ኦርጋን፣ ሮድስ የተባለው ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ ሁሉም ነጭና ጥቁር ቁልፍ አላቸው። ዓይን ሲያያቸው ዘመዳሞች ናቸው። ለእጅና ለጆሮ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው፤ የዛሬው ንግግሬ ዋና ነጥብም ከዚህ ይነሣል።

አኮርዲዮን ይተነፍሳል። ወናፉ ሲከፈትና ሲዘጋ ድምፁ ይጠነክራል፣ ይላላል። ተጫዋቹ የዜማውን ሐረግ የሚቆርጠው ዘፋኝ ትንፋሹን በሚወስድበት ቦታ ነው። ኦርጋን እንዲህ አይደለም። ቁልፉን በኃይል ብትመቱትም ቀስ ብላችሁ ብትነኩትም ድምፁ ያው ነው፤ ጣታችሁን እስክታነሡም ሳይደክም ይቆያል። ስለዚህ የኦርጋን ተጫዋች ስሜትን በኃይል ሊገልጽ አይችልም፤ የሚገልጸው ድምፁን መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያቆም በመወሰን፣ ዋናውን ድምፅ ከመንካቱ በፊት አጠገቡ ያለውን በቅጽበት ነክቶ በማለፍ ነው። የአማርኛ ዘፋኝ በጉሮሮው የሚያደርገውን የማንቀጥቀጥ ጌጥ የኦርጋን ተጫዋች በሁለት ጣቶች ያደርገዋል። ሮድስ ደግሞ በውስጡ ብረትን የሚመታ መዶሻ አለው፤ ድምፁ እንደ ክራር ተመትቶ ይጠፋል። ሙግ በበኩሉ በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ በጎኑ ባለችው መዘውር ድምፁን ማጉበጥና ማንሸራተት ይቻላል። አንድ ድምፅ ብቻ የሚያወጣ፣ ድምፁም የሚንሸራተት መሣሪያ በአገራችን ምን ይባላል? ማሲንቆ። አንድ ኢትዮጵያዊ ሙዚቀኛ ሙግን ገና ሲነካው የዘመዱን ድምፅ እንደሚሰማ ለመገመት ብዙ ጥበብ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ጉዳይ ቅኝት ነው። እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል፤ የሙዚቃ ተማሪ ያልሆናችሁም ታገሡኝ። አራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው። ኪቦርዱ አሥራ ሁለት ድምፆችን ይዞ የመጣ እንግዳ ነው፤ የአጨዋወት ባህሉም በሦስት ድምፆች አንድነት፣ በተለምዶ ኮርድ በምንለው ላይ የቆመ ነው። ትዝታን ብትወስዱ፣ ሜጀሩ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ በውስጡ ዶ፣ ሚ፣ ሶል አለ፤ ላ፣ ዶ፣ ሚም አለ። እንግዳው ተመቻችቶ ይቀመጣል። አምባሰልን ውሰዱ፦ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ላ። በመነሻው ድምፅ ላይ ኮርድ ለመሥራት ሚ ያስፈልጋል፤ ሙሉውም ሆነ ዝቅ ያለው ሚ ግን በቅኝቱ ውስጥ የለም። አንቺ ሆዬ ደግሞ የባሰ ነው፦ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶል፣ ላ። እዚህ ሚም የለም፣ ሙሉው ሶልም የለም። የቅኝቱ መነሻ የራሱ ኮርድ የለውም። ያሉት ኮርዶች ሌላ ቦታ ናቸው፤ አንዱ ፋ፣ ላ፣ ዶ ሲሆን ሌላው ዝቅ ያለ ሶል፣ ላ፣ ዝቅ ያለ ሬ ነው። ሁለቱ በግማሽ ድምፅ ብቻ ይራራቃሉ።

አሁን አኮርዲዮንን አስታውሱ። በግራ በኩል ያሉት ቁልፎች ከባሱ ድምፆች በቀር ተዘጋጅተው የመጡ ኮርዶች ናቸው፤ አንዱን ስትጫኑት ሦስቱ ድምፆች በአንድነት ይወጣሉ። በአምባሰል ላይ የመነሻውን ኮርድ ከተጫናችሁ ቅኝቱ የማያውቀው ድምፅ ሳይጠራ ይገባል። በአኮርዲዮን ላይ ራሱን ያስተማረ ልጅ ይህን ችግር በንድፈ ሐሳብ ሳይሆን በጆሮው ነው የሚያገኘው፦ የግራ እጁ የቀኝ እጁን ዜማ ያበላሽበታል። መፍትሔው ምንድን ነው? ኮርዱን ትቶ ባሱን ብቻ መያዝ፤ ወይም አንድ አጭር የባስ ሐረግ እየደጋገሙ ዜማውን በላዩ ላይ መልቀቅ። የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ የኢትዮጵያ ባንዶች ሙዚቃ ለምን እንዲህ በተደጋጋሚ የባስ ሐረግ ላይ እንደቆመ ሲጠየቅ አብዛኛው ሰው ከአሜሪካ የሶልና የፈንክ ሙዚቃ የመጣ ነው ይላል። ይህ እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። የባሱ ድግግሞሽ ከባሕር ማዶ ባይመጣ ኖሮ እንኳ ቅኝቶቻችን ራሳቸው ያስገድዱት ነበር ብዬ አምናለሁ። ፈንክ እዚህ አገር ቶሎ የተዋሃደው ለእኛ ችግር መፍትሔ ይዞ ስለመጣ ነው።

«ወደ ሐረር ጉዞ»ን በዚህ ጆሮ አዳምጡት። ካሴቱ በአብዛኛው ድምፃዊ የለውም። የዘፋኙን ቦታ የያዘው ኦርጋኑ ነው፤ ዜማውን እንደ ዘፋኝ ያወጣዋል፣ የነሐስና የሳክስፎን ተጫዋቾች ደግሞ እንደ ተቀባይ ይመልሱለታል። በሥራው ውስጥ ካሉት አንዱ «እንቧ በይ ላሚቱ» ነው። ግጥሙን የሚያውቅ አድማጭ ኦርጋኑ ሲጫወተው ቃላቱን በልቡ ይሞላል። በመሣሪያ ብቻ መጫወት ቃላትን ማስወገድ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው በዚህ ይሳሳታል። በአገራችን ቃሉ ለአድማጩ ይተዋል። ይህ በሌላ ዘመን ቢሆን የጥበብ ምርጫ ብቻ ነበር። በ1970 ዓ.ም. ግን ቃላት የሚያስጠይቁበት፣ የሚያሳስሩበት፣ ከዚያም የከፋ ነገር የሚያደርሱበት ጊዜ ነበር። አዲስ አበባ በቀይ ሽብር ውስጥ ነበረች። ይህንን ብዬ «ኃይሉ ከሳንሱር ለመሸሽ ግጥሙን ተዉት» ወደሚል ድምዳሜ አልሄድም፤ በመሣሪያ ብቻ የመጫወት ልማድ ከአብዮቱ በፊትም ነበር። የምለው፣ ያው ልማድ በዚያ ዓመት ሌላ ክብደት ተሸክሞ ነበር ነው።

ሰዓት እላፊው ደግሞ በሙዚቃው ቅርጽ ላይ በቀጥታ ሠርቷል። እላፊው ከመጀመሩ በፊት ከክበቡ ያልወጣ ሰው እስኪነጋ እዚያው ይቆያል፤ ባንዱም አብሮ ያድራል። በአንድ ምሽት የሁለት ሦስት ሰዓት ሥራ የነበረው ነገር ሌሊቱን ሙሉ ሆነ። ዘፋኝ ሌሊቱን ሙሉ ሊዘፍን አይችልም፤ ጉሮሮ አይፈቅድም። ክፍተቱን የሚሞላው መሣሪያ ነው። ዜማን ማርዘም፣ ቸኩሎ አለመጨረስ፣ አንድን ሐረግ ሰው ሳይሰለች ለረጅም ጊዜ መደጋገም፣ ለዚያ ሌሊት የተሠሩ ችሎታዎች ናቸው። ይህን ካሴት ስትሰሙ የማንም ጥድፊያ አይሰማችሁም። ተዘግቶባቸው ያደሩ ሰዎች ሙዚቃ ነው።

እንግዲህ ወደ ርዕሱ። የታሪክ ቅደም ተከተሉን ባጭሩ ላስታውስ። የሶማሊያ ጦር በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ወረራውን ጀመረ፤ በነሐሴ ድሬዳዋ ተጠቃች፤ በመስከረም 1970 ጅጅጋ ወደቀች። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ሐረር በከበባ ውስጥ ሆና ጥቃቱን ተቋቋመች። መልሶ ማጥቃቱ የተጀመረው በጥር መጨረሻና በየካቲት ነው፤ ጅጅጋም በየካቲት መጨረሻ ተመለሰች። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው የባቡር መስመር በጦርነቱ ተቋርጦ ነበር። ከዚያ በፊት ወደ ሐረር የሚሄድ የአዲስ አበባ ሰው ብዙ ጊዜ በባቡር ድሬዳዋ ይደርስና ከዚያ በመኪና ከ1,200 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ ወደ 1,900 ሜትር የሚጠጋውን ዳገት፣ ደንገጎንና ዓለማያን እያለፈ ይወጣ ነበር። በዚያ ዓመት ወደ ሐረር የሚጓዘው ብዙው ሰው ግን ወታደር ነበር፤ ጉዞውም በካሚዮን።

ታዲያ ርዕሱ ስለ ዘማቹ ነው? ይህንን ንባብ ከተማሪዎቼ በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ፤ ማራኪነቱም ይገባኛል። በሌላ በኩል ካሴቱን ዳግም ከታተመ በኋላ የሰሙት የውጭ አድማጮች ሐረርን የሩቅ ምሥራቃዊ ሕልም አድርገው ይይዟታል፤ በግንብ የታጠረች ከተማ፣ ጅብ የሚቀልብ ሰው፣ ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ፣ ቡና። ሁለቱም ንባቦች አንድ ዓይነት ጉድለት አለባቸው፦ ሁለቱም ርዕሱን ያነባሉ እንጂ ሙዚቃውን አያዳምጡም። በካሴቱ ውስጥ ማርሽ የለም፤ የሽለላና የፉከራ አወራረድም በርዕሰ ዜማው ውስጥ አይሰማኝም። የምሥራቅ ሕልም የሚባለውን ለመሥራት ሙዚቀኞች የሚጠቀሙበት ጌጣጌጥም የለም። ያለው የማይቸኩል ምት፣ በባሱ ላይ የተደላደለ ኦርጋን ነው። ጉዞ ነው፤ እንደ ማንኛውም ሰላማዊ ጉዞ በመስኮት የሚታይ። እኔ በበኩሌ ይህን ስሰማ የማስበው ነገር ቢኖር ይኸው ነው፦ ወደ ሐረር በሰላም መሄድ በማይቻልበት ዓመት ወደ ሐረር በሰላም የሚያስኬድ ሙዚቃ ተሠራ። ይህ የሙዚቀኛው ሐሳብ ነበር አልልም። በዚያ ሌሊት ግዮን ውስጥ ተዘግቶበት ያደረ፣ ወንድሙ ወደ ምሥራቅ የዘመተበት ሰው ግን ርዕሱን በምን ልብ እንደሚሰማው መገመት እችላለሁ።

አሁን አንድ የማይመች ጥያቄ ላንሣ፤ በዚህች ከተማ ተቀምጦ ሳያነሡት መቅረት አይገባም። በዚህ «ወደ ሐረር ጉዞ» ውስጥ ሐረር አለች? ጉዞው ይደርሳል ወይስ መንገድ ላይ ይቀራል? የሐረሪን ሙዚቃ የምታውቁ የራሷ የሆነ የተደራጀ ድምፅ እንዳላት ታውቃላችሁ፤ ዚክሪው፣ ከረቡ የሚባለው ከበሮ፣ ከበል የሚባሉት የእንጨት ማጨብጨቢያዎች፣ የሴቶቹ የሰርግ ዘፈን። በዙሪያዋ ደግሞ የኦሮሞውና የሶማሌው ዜማ አለ። በድሬዳዋ አፍረን ቀሎ የተባለው ስብስብ የኦሮምኛን ዘመናዊ ዘፈን ሲያደራጅ ዓሊ ቢራ ከዚያ ወጡ፤ ዑድና ጊታር ይዘው በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በዐረብኛና በአማርኛ ዘፈኑ። እርሳቸውም ቢሆኑ ብዙ መሣሪያ፣ ከዚያም በላይ ብዙ ልሳን የያዙ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2022 አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር።

የእኔ መልስ ይህ ነው፦ በካሴቱ ውስጥ ያለችው ሐረር ከአዲስ አበባ የምትታየው ሐረር ናት። ይህን ስል ለመንቀፍ አይደለም። ርዕሱ ራሱ በሐቀኝነት ይናገራል፤ «ሐረር» አላለም፣ «ወደ ሐረር» አለ። ሙዚቀኛው የማያውቀውን ከበል መትቶ የሐረር ሰው ለመምሰል አልሞከረም። እንዲህ ዓይነት ቁጥብነት ዛሬ ከየብሔሩ አንዳንድ ድምፅ ቆንጥረው «ውህድ» እያሉ ከሚያቀርቡልን ብዙ ሥራዎች ይልቅ ለእኔ የተከበረ ነው። ነገር ግን ጉዞው የመልስ ጉዞ ያስፈልገዋል። ከጀጎል ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ካሴት የታለ? ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. 1985ን መጥቀስ አለብኝ፤ ርዕሴ ስለ መሣሪያዎቹ ነውና። ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ለሙዚቃ ጉዞ ሄደ፤ ከአባላቱ ከፊሎቹ ተመለሱ፣ ኃይሉን ጨምሮ ከፊሎቹ ዋሽንግተን ቀሩ። እዚያ «ሸሞንሟናዬ» በመባል የሚታወቀውን ካሴት ሠሩ። ባንድ የለም፤ ኃይሉ ብቻቸውን ናቸው። አኮርዲዮን፣ ሮድስ፣ ሙግ፣ በጊዜው አዲስ የነበረው ያማሃ ዲኤክስ 7፣ እንዲሁም ምት የሚሰጥ ማሽን። በቀናት ውስጥ፣ በአንድ አነስተኛ ስቱዲዮ ተቀድቶ አለቀ። ከላይ የነገርኳችሁን አስታውሱና አዳምጡት፦ አኮርዲዮኑ ዘፋኙ ነው፣ ሙግ ማሲንቆው፣ ሮድስ ክራሩ፣ ማሽኑ ከበሮው። አንድ ሰው በስደት ላይ ሆኖ ሙሉ የአዝማሪ ቤት በኤሌክትሪክ መልሶ አቆመ። ማሽኑ ግን አይደክምም፣ አይፋጠንም፣ አይስቅም። ኃይሉ ይህን ለመደበቅ አልሞከሩም፤ ማሽኑ ቀጥ ብሎ ሲሄድ አኮርዲዮኑ ከእርሱ ቀደም ወይም ዘግየት እያለ ይተነፍሳል። ከ1978ቱ ካሴት ጋር ጎን ለጎን ብታስቀምጡት የባንድ መኖርና አለመኖር ምን እንደሆነ ከማንኛውም መጽሐፍ በተሻለ ትማራላችሁ። በግዮኑ ቅጂ ኦርጋኑ ለአፍታ ዝም ቢል ሌሎች ይሞላሉ። በዋሽንግተኑ ቅጂ ዝም ሲሉ የሚቀረው ማሽኑ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በሰፊው የተነገረ ስለሆነ አልደጋግመውም። ኃይሉ ለረጅም ዓመታት በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዱ፤ ተሳፋሪ በማይኖርበት ጊዜ በመኪናው ዕቃ መጫኛ የያዙትን ኪቦርድ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ የ1985ቱን ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ አገኘ፤ ኃይሉን አፈላልጎ ደውሎ «ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በተባለው አሳታሚው እ.ኤ.አ. በ2013 አወጣው። «ቼ በለው» በ2014፣ «ወደ ሐረር ጉዞ» በ2016 ተከተሉ። በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 «የኔ ምርጫ» የተባሉ አዳዲስ ሥራዎች ወጡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው እንደገና በዓለም መድረኮች ላይ ቆሙ።

«የጠፋው ካሴት ተገኘ» የሚለው አነጋገር ግን ይቆረቁረኛል። ባሕር ዳር ውስጥ በሱቅ የነበረ ካሴት ለማን ነው የጠፋው? ያልጠፋ ነገር ነው፤ ያልተመዘገበ እንጂ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የጠፋ ነገር ፈላጊ ይጠብቃል፤ ያልተመዘገበ ነገር የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ይጠብቃል። ይህ ደግሞ የእኛ ሥራ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲዎች።

ከተሳታፊዎች ሁለት ጥያቄዎች ቀርበዋል፤ በቅደም ተከተል ልመልስ።

የመጀመሪያው «ይህ ጃዝ ነው ወይ?» የሚል ነው። ጃዝን በዜማ ላይ ወዲያው የሚፈጠር አዲስ ሐሳብ ብለን ከተረጎምነው በከፊል ነው። ኃይሉ እንደ ጂሚ ስሚዝ ያሉትን የአሜሪካ የጃዝ ኦርጋን ተጫዋቾች ያዳምጡ ነበር፤ ይህም ይሰማል። ነገር ግን የአሜሪካ ጃዝ ተጫዋች ወዲያው ሲፈጥር የሚጓዘው ከኮርድ ወደ ኮርድ ነው። ኃይሉ አይሄዱም። አምስቱ ድምፆች ውስጥ ይቆያሉ፤ የሚለዋውጡት ጌጡን፣ ጊዜውንና ቆይታውን ነው። ይህ የአዝማሪ ዘዴ ነው። ስለዚህ ስሙን ጃዝ ብትሉት አልከራከርም፤ መለኪያውን ከኒውዮርክ አምጥታችሁ «ኮርዱ አነሰ» ብትሉ ግን እከራከራለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ ከአንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የመጣ ነው፤ «የመልሱን ጉዞ ከየት እንጀምር?» ትላለች። ከቤታችሁ። በጀጎል ውስጥ በሸሪፍ የሐረር ከተማ ሙዚየም ከብራና መጻሕፍቱ ጋር የቆዩ የሐረሪ ሙዚቃ ቅጂዎች ተሰብስበዋል፤ በአንድ ግለሰብ ትጋት የተጀመረ ሥራ ነው፤ ሄዳችሁ እዩ። ከዚያ በየቤቱ ያለው አለ፤ በቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከሰርግ ፎቶ ግራፍ ጋር፣ የሰርግና የዚክሪ ሌሊት የተቀዳባቸው ካሴቶች። የካሴት ክር መግነጢሳዊ ሽፋን ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ያረግፈዋል፣ ለረጅም ጊዜ ሳይዞር የተቀመጠም እርስ በርሱ ይጣበቃል። ስለዚህ ያገኛችሁትን ካሴት ወዲያው በሆነ ማጫወቻ ውስጥ አታስገቡ። መጀመሪያ ሽፋኑን በሁለቱም በኩል ፎቶ አንሡ፤ የተጻፈውን፣ በእርሳስ የተጻፈም ቢሆን፣ እንዳለ ገልብጡ። የቤቱን ባለቤት እናት ወይም አባት አስፈቅዳችሁ ማን እንደሚዘፍን፣ የማን ሰርግ እንደሆነ፣ ከበሉን የሚመታው ማን እንደሆነ ጠይቁና መዝግቡ። ሰዎቹ በሕይወት እያሉ። ክሩን ወደ ኮምፒውተር መገልበጡ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው፤ ለእርሱ የጸዳ ማጫወቻና ሞያውን የሚያውቅ ሰው እንፈልጋለን። ካሴቱም፣ ቅጂውም የባለቤቱ ሆኖ ይቀራል፤ ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን።

አሁን መብራቱን ትንሽ ቀነስ አድርጉልንና የካሴቱን ርዕሰ ዜማ እናዳምጥ። ኦርጋኑን ለጊዜው ተዉት፤ በመጀመሪያ ባሱን ብቻ ተከተሉ።